ከተቀባይ ቤተሰብ ጋር ስድስተኛ ሳምንቴ ነው፤ እንግድነቱ መቼ ያበቃል?

ጎህ_ሲቀድ

ሰላም ለሁላችሁ። ጀርመን አገር፣ ፍራይቡርግ ከገባሁ ስድስተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃኝን የቋንቋ ፈተና እስክወስድ የምኖረው ከአንድ ተቀባይ ቤተሰብ ጋር ነው፦ ባልና ሚስት፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጃቸው እና አንዲት ያረጀች ድመት። ክፍሌ ንጹሕ ነው፤ መስኮቱም ወደ ጓሮ ያሳያል፤ ክፉ ቃል የተናገረኝ ሰውም የለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰዎቹን እየከሰስኩ እንዳይመስልብኝ ነው። የከበደኝ ሌላ ነገር ነው። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ የሰው ቤት ውስጥ ነኝ የሚለው ስሜት አልለቀኝ አለ።

በመጀመሪያው ምሽት ሾርባ ቀረበ። በጣም ርቦኝ ነበር። የቤቱ እመቤት ልጨምርልሽ ወይ ስትለኝ ፈገግ ብዬ «ዳንከ» አልኩ። አመሰግናለሁ፣ ይጨመርልኝ ማለቴ ነበር። ሳህኑን አነሣችው። ደግማ ትጠይቀኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አልጠየቀችኝም። በዚያ ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ ርሀቡ ብቻ አልነበረም።

በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ እራት «ሀልብ ዚበን» ላይ ነው ተባልኩ። ዚበን ሰባት፣ ሀልብ ግማሽ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ በእነሱ አቆጣጠር ሰባት ተኩል ብዬ ያዝኩ። አምስት ደቂቃ ቀደም ብዬ ስደርስ ማዕዱ ተነሥቶ የእኔ ድርሻ ብቻ በሌላ ሳህን ተከድኖ ጠበቀኝ። ማንም አልተቆጣም። ያ የተከደነ ሳህን ግን እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ከዚያ ወዲህ ጥፋት እንዳልሠራ ስል ራሴን እያሳነስኩ ሄድኩ። በእግሬ ጣቶች እራመዳለሁ። ወጥ ቤት ውስጥ ሰው ካለ አልገባም። አንድ ቀን ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ገላዬን ብታጠብ፣ በማግስቱ ቁርስ ላይ ባልየው ስለ ቧንቧው ድምፅ አንድ ነገር ተናገረ። ሙሉ በሙሉ አልገባኝም፤ ለመጠየቅ ደግሞ ይሉኝታ ያዘኝ። ባለፈው ሰኞ እመቤቲቱ ክፍሌ ገብታ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ክፍሌ ሸትቷት መሰለኝና ቀኑን ሙሉ አፍሬ ዋልኩ።

በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ለመልመድ ምን ያህል ጊዜ ፈጀባችሁ? ምንስ አደረጋችሁ?

ባለ_ብስክሌቱ

እህቴ፣ ሁለቱን ወዲያውኑ ላቅልልልሽ።

ጀርመኖች ግማሹን የሚቆጥሩት ከሚመጣው ሰዓት ነው። ሀልብ ዚበን ማለት ወደ ሰባት ከሚወስደው ሰዓት ግማሹ አልቋል ማለት ስለሆነ ስድስት ተኩል ነው። እኛ ደግሞ ሰባት ተኩል የምንለው ሰባት ካለፈ በኋላ ነው። በምሥራቅና በደቡብ አንዳንድ አካባቢዎች «ፊርትል ዚበን» ብለው ስድስት ሰዓት ከሩብ የሚሉም አሉ። በዚህ ላይ የእኛ ሰዓት ከእነሱ በስድስት ይለያል፤ የደከመ ጭንቅላት ሁለቱን ስሌት ባንድ ጊዜ አይችልም። በቁጥር ጻፉልኝ በያቸው። 18:30 ተብሎ ሲጻፍ ጥርጥር የለውም።

«ዳንከ» ደግሞ ምግብ ሲቀርብልሽ ብቻውን ከተነገረ በቃኝ ማለት ነው። መጨመር ከፈለግሽ «ያ፣ ገርነ» ወይም «ቢተ» በይ። እዚህ አገር ሰው ደግሞ ደጋግሞ አይለምንሽም፤ አንድ ጊዜ የተናገርሽውን ቃል አምኖ ይቀበላል። ለእነሱ ማክበር ማለት ይህ ነው። እኔም ይህን እስክረዳ ድረስ ንፉግ ይመስሉኝ ነበር፤ በደልኳቸው።

አስተናጋጇ_ከካሰል

የእኔ ልጅ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ካሰል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ፤ ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት ከባለቤቴ ጋር ከተለያየ አገር የሚመጡ ተማሪዎችን እቤታችን እንቀበላለን። ስለዚህ ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ሰው ምን እንደሚያይ ልነግርሽ እችላለሁ።

የምናየው የተዘጋ በር ነው። አንቺ በእግርሽ ጣቶች የምትራመጂው ላለማስቸገር ነው። በር ተከፍቶ ሲዘጋ የሚሰማ፣ ሰውየውን ግን የማያገኝ ቤተሰብ ግን ልጅቷ ጠልታናለች ብሎ ነው የሚያስበው። አንድ ዓመት የመጣች ተማሪ እኛ ከወጥ ቤት እስክንወጣ ጠብቃ ነበር የምትበላው። እኔ ራሴ በይሉኝታ ያደግሁ ሰው ሆኜ ሳለሁ ምክንያቱን ሳልረዳ ሦስት ወር አለፈ። ባለቤቴማ ምግብ አሠራራችንን ተጸይፋ ነው ብሎ አዝኖ ነበር። ልትሄድ ስትል እያለቀሰች ነገረችኝ፤ እኔም አለቀስኩ። ያ ጊዜ ዛሬም ይቆጨኛል።

መስኮቱን በተመለከተ፣ አትፈሪ፣ ክፍልሽ አልሸተተም። እዚህ አገር ቤቶች የሚሠሩት ሙቀት እንዳያስወጡ ተደርገው ነው፤ ስለዚህ እርጥበቱም አይወጣም። በእንቅልፍ ከምንተነፍሰው፣ ከገላ መታጠቢያና ከማብሰያ የሚነሣው እንፋሎት ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ውኃ ሆኖ ይቀመጣል፤ ከዚያ ሻጋታ ይከተላል። ሻጋታ ደግሞ ለሳንባም ለቤቱም ጠላት ነው። በክረምት ጠዋትና ማታ ማሞቂያውን ዝጊ፣ መስኮቱን ሙሉ ለሙሉ ክፈቺ፣ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ አቆይተሽ መልሰሽ ዝጊ። ገርበብ አድርጎ ቀኑን ሙሉ መተው ግን ግድግዳውን ያቀዘቅዛል እንጂ አየሩን በደንብ አይለውጠውም። ነገ ጠዋት ማንም ሳይነግርሽ ብትከፍቺው እመቤቲቱ ምን ያህል ደስ እንደሚላት ታያለሽ።

የቧንቧው ነገር ሊሆን የሚችለው ብዙ ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት የጸጥታ ጊዜ ነው፤ እሑድ ደግሞ ቀኑን ሙሉ። እሑድ ሱቅ ይዘጋል፤ በመሰርሰሪያ ግድግዳ አይበሳም፤ ጠርሙስ እንኳ ወደ መስታወት ማጠራቀሚያው አይጣልም። ምናልባት ባልየው የተናገረው ከዚህ ጋር የተያያዘ ይሆናል፤ ምናልባትም ቧንቧው ተበላሽቶ ይሆናል። ሳትጠይቂ አታውቂውም፤ እኛም ከዚህ ሆነን ልንነግርሽ አንችልም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ እመቤቲቱን ምን ብለሽ ነው የምትጠሪያት?

ጎህ_ሲቀድ

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመስኮቱን ነገር ሳነብ ከትከሻዬ ላይ ሸክም የወረደ ያህል ነው የተሰማኝ።

የምጠራት «ፍራው»፣ ማለትም ወይዘሮ ብዬ በቤተሰብ ስሟ ነው፤ የማናግራትም በ«ዚ»፣ ማለትም በእርስዎ ነው። በሁለተኛው ቀን «ዱ»፣ ማለትም አንቺ በይኝ፣ በስሜም ጥሪኝ ብላኝ ነበር። አልቻልኩም። የእናቴ እኩያ ናት። አንቺ ልላት አፌን ስከፍት ምላሴ ይታሰራል። ስለዚህ አንዳንዴ ስም መጥራቱን ሁሉ ትቼ አጠገቧ ሄጄ እቆማለሁ፤ እስክታየኝም እጠብቃለሁ። አሁን ስጽፈው ነው ምን እንደሚመስል የገባኝ።

የላይፕዚግ_ሽማግሌ

ልጄ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1979 ዓ.ም. ላይፕዚግ ነበርኩ። ያን ጊዜ ከተማዋ በምሥራቅ ጀርመን ውስጥ ናት፤ እኛም ጀርመንኛ የተማርነው በሄርደር ኢንስቲትዩት ነው፤ ዩኒቨርሲቲውም የካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ይባል ነበር። የምናድረው ከተማሪዎች ጋር ቢሆንም ለገና በዓል አንድ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ወስደውኝ ሦስት ሳምንት አብሬያቸው ቆየሁ።

በሁለተኛው ምሽት ሽማግሌው ብርጭቆውን አነሣና ከዛሬ ጀምሮ ዱ እንባባል አለኝ። አጋጨን፣ ጠጣን። በማግስቱ ጠዋት ግን እኔ በእርስዎ ደህና አደሩ ብዬ ተነሣሁ። እርሱ ዝም አለ። ሦስት ቀን ያህል ፊቱ ተለዋወጠብኝ። በኋላ ሚስቲቱ ወደ ጎን ወስዳ «ምን አድርገንህ ነው የተቀየምከን?» ስትለኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እዚያ አገር ዱ ለመባባል የሚጋብዘው በዕድሜ የሚበልጠው ነው፤ ታናሹ ከራሱ አይጀምርም። ታላቁ አንዴ ከሰጠ በኋላ ወደ ዚ መመለስ የተሰጠን እጅ ሳይጨብጡ እንደ መተው ነው፤ እነሱ የሚያዩት እንዲያ ነው። በእኛ ቋንቋ አክብሮት ቃሉ ላይ ተቀምጧል፤ እርስዎ ሳይባል አክብሮት አለ ብለን አናስብም። በእነሱ ዘንድ ደግሞ ዱ እየተባባሉም በሰዓቱ መገኘት፣ ቃልን መጠበቅ፣ የሰውን በር ሳያንኳኩ አለመክፈት አለ፤ አክብሮቱ እዚያ ውስጥ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ልጄ፣ አንቺ ስትያት እናትሽን አላዋረድሽም። የሰጠችሽን ተቀበልሽ እንጂ።

ዝምታ_ይብቃ

ሁላችሁም የምትሉት ትክክል ነው፤ ግን አንድ ነገር መነገር አለበት። ሁልጊዜ ጥፋቱ የተማሪው አለመረዳት አይደለም።

እኔ በመጀመሪያ የገባሁበት ቤት በውሉ ላይ በቀን ሁለት ጊዜ ምግብ ይሰጣል ይላል። ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ቁርስ ቀረ፤ ማሞቂያው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ይጠፋ ነበር። ከሁሉም የከፋው ግን በአድራሻቸው እንዳልመዘገብ መከልከላቸው ነው። ሕጉ አዲስ ቤት ከገባችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሄዳችሁ ነዋሪነታችሁን እንድታስመዘግቡ ያዝዛል፤ አንሜልዱንግ የሚሉት ይህ ነው። ቤቱን የሰጠው ሰው መግባታችሁን በፊርማው የማረጋገጥ ግዴታ አለበት። ያ ምዝገባ ከሌለ የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳያችሁ ይደናቀፋል፤ የግብር መለያ ቁጥርም አይመጣላችሁም። እኔ ይሉኝታ ይዞኝ አምስት ሳምንት ዝም አልኩ። አምስት ሳምንት!

በመጨረሻ ያገናኘኝን ድርጅት በጽሑፍ ጠየቅሁ፤ ቀንና ፍሬ ነገሩን ለይቼ ጻፍኩ፤ የውሉን ቅጂ አያያዝኩ። በአሥር ቀን ውስጥ ሌላ ቤተሰብ ተገኘልኝ፤ አሁን እንደ ሁለተኛ ቤቴ የማየው ነው። ጎህ፣ የአንቺ ሰዎች እንዲህ እንዳልሆኑ ይታየኛል። ይህን የምጽፈው ውይይቱን ሌላ ሰው ሲያነብ፣ የሚበደል ሰው ካለ፣ ገና አለመልመዴ ነው ብሎ ራሱን እንዳይወቅስ ነው።

አስተናጋጇ_ከካሰል

ወንድሜ፣ ልክ ነህ፤ ስለ ምዝገባው የተናገርከውን ሁሉም ይያዘው። ምዝገባን የሚከለክል ቤት አንድ ቀን እንኳ ሊታገሡት የሚገባ አይደለም። ሌላውን ግን መጀመሪያ ፊት ለፊት መናገር ይሻላል እላለሁ። ለድርጅቱ በቀጥታ የተጻፈ ደብዳቤ ለደህና ቤተሰብ ትልቅ ሐዘን ነው፤ «ለምን እኛን አልጠየቀንም?» ይላሉ። የተበደለ ሰው ሁሉ አፍ አውጥቶ ለመናገር አቅም እንደማይኖረውም አውቃለሁ፤ ስለዚህ አልፈርድብህም።

ክረምት_በሀምቡርግ

ለመልመድ ስለሚፈጀው ጊዜ ጠይቀሽ ነበር። እኔ ስድስት ወር ያህል ፈጅቶብኛል፤ ግማሹን ያባከንኩት ራሴ ነኝ ብዬ አምናለሁ።

በየምሽቱ ወደ አገር ቤት ደውዬ ሦስት ሰዓት አወራ ነበር። እግሬ ሀምቡርግ ነው፤ ጆሮዬ ግን እዚያው ቀርቷል። ተቀባዮቼ ሳሎን ውስጥ ተሰብስበው ሲጫወቱ እኔ ክፍሌ ውስጥ ስልክ ላይ ነኝ። ከዚያ ክረምቱ ገባ። ታኅሣሥ ላይ እዚህ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ትጠልቃለች። በጨለማ ወጥቼ በጨለማ እመለሳለሁ። ከአልጋዬ መነሣት የሚያቅተኝ ቀን መጣ።

ያወጣኝ የቤቱ አባት ነው። አንድ ማክሰኞ ተነሥ፣ ልብስህን ልበስ ብሎ እርሱ ወደሚዘምርበት የሰፈር መዘምራን ማኅበር ወሰደኝ። እዚህ አገር ሰው ጓደኛ የሚያገኘው መንገድ ላይ አይደለም፤ ፈራይን በሚሉት ማኅበር ውስጥ ነው። ስፖርት፣ መዝሙር፣ ቼዝ፣ አትክልት፣ ለሁሉም ማኅበር አለው። ግጥሙን ሳላውቅ ድምፅ ብቻ እያወጣሁ ጀመርኩ። የጀርመንኛ አነባበቤ የተስተካከለው ከክፍል ይልቅ እዚያ ነው፤ ሰላሳ ሰው አንድን ቃል ባንድ ጊዜ ሲለው ተሳስቶ መቅረት ይከብዳል። የስልኩን ነገር ደግሞ ከእናቴ ጋር ተነጋግረን ረቡዕና እሑድ አደረግነው። መጀመሪያ ከፋት፤ በኋላ ግን የምነግራት ነገር ስለበዛ ራሷ ወደደችው።

ጨለማው ከብዶሽ መነሣት ካቃተሽ ግን ለመዘምራን አትጠብቂ፤ ሐኪም አማክሪ። ዩኒቨርሲቲዎችም ለተማሪ የምክር አገልግሎት አላቸው።

ጎህ_ሲቀድ

ሦስት ሳምንት ጠፍቼ ነበር፤ ይቅርታ። መልሳችሁን ሁሉ ወረቀት ላይ ገልብጬ ነበር የማነበው።

መጀመሪያ መስኮቱን ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀን እመቤቲቱ በበሩ ስታልፍ ቆም ብላ አየችና ምንም ሳትናገር ፈገግ ብላ አለፈች። ከዚያ ድፍረት አገኘሁ። አንድ ምሽት እራት ከመድረሱ በፊት ወጥ ቤት ገብቼ ምን ላግዝ አልኩ። እራታቸው እንደምታውቁት አብዛኛውን ጊዜ ዳቦና አይብ ነው፤ የሚበስለው ምሳ ላይ ነው፤ እና የሚታገዝ ብዙም የለም። ዳቦ መቁረጫውን ሰጠችኝ። በጣም አወፍሬ ቆረጥኩት። ልጁ አንዱን አንሥቶ አየና እንዲህ ወፍራም ነው የምወደው አለ።

ስለ ቧንቧውም ባልየውን ጠየቅሁት። ለሦስት ቀን ጥያቄውን በጀርመንኛ ስለማመድ ነበር። ለካ ቧንቧው የሚያልፈው ከልጁ አልጋ ራስጌ ባለው ግድግዳ ውስጥ ነው፤ ልጁ ደግሞ ጠዋት ቀድሞ የሚነሣው እርሱ ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት በፊት ከሆነ የፈለግሽውን ያህል ታጠቢ አለኝ። በዚያ ቁርስ ላይ የተናገረውም ስለ እኔ አልነበረም፤ ቧንቧውን በሚሸፍን ነገር ለመጠቅለል ማሰቡን ነበር ለሚስቱ የነገራት። እኔ ግን በዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት ሳምንታት ተሳቅቄያለሁ።

የዱን ነገር እስከ መጨረሻው አቆየሁት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡና እየጠጣን፣ ሁለታችን ብቻ ሳለን፣ በእኛ ቋንቋ ታላቅን አንቺ ማለት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ፣ ዝም ብዬ አጠገቧ የምቆመውም ለዚህ እንደሆነ ነገርኳት። የአባባ የላይፕዚጉን ታሪክም ጨመርኩበት። ኩባያዋን አስቀመጠች። «እኔ እኮ ስሜን መጥራት የማትፈልጊ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። ከዚያም በእናንተ ቋንቋ እርስዎ እንዴት ይባላል ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከረችው። እስካሁን ጠዋት ስንገናኝ እርሷ በአማርኛ እርስዎ ትለኛለች፤ እኔ ዱ እላታለሁ።

ቀላል ሆነልኝ ማለቴ አይደለም። አሁንም ስደክም ዚ ያመልጠኛል። ትናንትም ሁሉም ባንድ ጊዜ በፍጥነት ሲያወሩ ምንም ሳይገባኝ ፈገግ እያልኩ ተቀምጬ ነበር። ግን ወጥ ቤት ውስጥ ሰው ሲኖር እገባለሁ።

አዲስ_ገቢ

እኔ ደግሞ ገና ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። ከተመዘገብኩ በኋላ ለሬዲዮና ቴሌቪዥን ክፈል የሚል ደብዳቤ መጣልኝ። በክፍሌ ውስጥ ቴሌቪዥን የለኝም። ችላ ብዬ ልተወው?

ባለ_ብስክሌቱ

በፍጹም አትተወው፤ ዕዳው እየተጠራቀመ ይሄዳል። ክፍያው በወር 18.36 ዩሮ ነው፤ ቴሌቪዥን ኖረህ አልኖረህ ለውጥ የለውም። ነገር ግን የሚከፈለው በሰው ሳይሆን በቤት ነው። ተቀባይ ቤተሰብህ የሚከፍል ከሆነ አንተ አትከፍልም። የክፍያ ቁጥራቸውን ጠይቃቸውና ለደብዳቤው መልስ ስትሰጥ እርሱን ጻፍ።

ጎህ_ሲቀድ

ይኸው ደብዳቤ ለእኔም መጥቶልኝ ሳልከፍተው መሳቢያ ውስጥ ነበር። አሁን ይዤው ወርጄ ቁጥሩን ስጪኝ አልኳት። ከፋይሏ አውጥታ በራሷ እጅ ጻፈችልኝ።